ለእንግዳ የተመታው ደወል

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ቪዲዮ መጣልኝ። የላከችው ድሮ አብራኝ የተማረች፣ አሁን ሞጣ የምትኖር ልጅ ናት። «ይሄ የእናንተ ደብር አይደል?» ብላ ጽፋበታለች። ከፈትኩት። መጀመሪያ ነፋስ በጽድ ዛፎቹ ቅጠል መሃል ሲያልፍ ይሰማል፣ ቀጥሎ ፈረንጅ ይስቃል፣ ከዚያ ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ፤ ቀው፣ ቀው፣ ቀው፣ ቀው። ቶሎ ዘጋሁት። አጠገቤ ያለው የሥራ ባልደረባዬ «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለኝ። «የለም» ብዬ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እዚህ ቢቸና ከሰው ጋር ስስቅ ስጫወት የምውል ሰው ነኝ፤ ይህን ነገር ግን አውርቼው አላውቅም። ላንተ ልንገርህና ይውጣልኝ።

ደብራችን ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄድ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በጽድ የተከበበ ጉብታ ላይ ነው። ስንት ዘመኑ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጡ የአሮጌ ጨርቅና የሌሊት ወፍ ሽታ ነበረው፣ እኔ ያንን ሽታ እወደው ነበር። ደጁ ላይ ደግሞ የድንጋዩ ደወል አለ፤ ሁለት ረጃጅም ስስ ድንጋዮች፣ በጠፍር ታስረው ከወይራ ግንድ ላይ የተንጠለጠሉ። ደዋዩ አባቴ ነበር። ከሱ በፊት አባቱ ነበር።

ደወሉ ሦስት ዓይነት አመታት ነበረው። ለቅዳሴ ረጋ ተብሎ ሁለቱ ድንጋዮች ተራ በተራ ይመታሉ። ሰው ሲሞት አንዱ ብቻ፣ እያረፉ እያረፉ። ሦስተኛው የድረሱልኝ ነው፤ ሳያቋርጡ በጥድፊያ ይመታል። እሳት ሲነሳ፣ ሰው ገደል ሲገባ። እሱን የሰማ ሞፈሩን ጥሎ፣ ሊጡን ትቶ ይሮጣል። ሕፃን ሆኜ አንዴ ብቻ ሰምቼዋለሁ፤ እናቴ ጡት የሚጠባ ወንድሜን መሬት ላይ አስቀምጣ ስትሮጥ አስታውሳለሁ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረና ቤት ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን አልታማም። ያኔ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ቱሪስቶች አንድ ሁለት እያሉ ወደኛ ደብር ጎራ ማለት ጀምረው ነበርና ቀስ ብዬ አስጎብኚ ሆንኩ። ማን እንደኔ! ጥቁር መነጽር አደረግሁ፣ ቦርሳ አነገትኩ። ሥዕሉን ሁሉ እያሳየሁ፣ የማላውቀውን እንኳ እየጨመርኩ እተረትርላቸው ነበር። ሲሄዱ ለደብሩ ስጦታ ጥለው ይሄዳሉ፤ ጣሪያው ሥዕሉ ላይ ያፈስ ስለነበር በሱ ቆርቆሮ ይገዛል ተባለ። እውነትም ተገዛ፣ ልዋሽ አልችልም።

እንግዶቹ ግን ከሥዕሉ ይልቅ የወደዱት ደወሉን ነበር። «ድምፁን ማሰማት አይቻልም?» ይሉኛል። እኔም ሄጄ የደብሩን ገበዝ ወተወትኳቸው። ገበዙ ሽማግሌዎቹን ከጽዱ ጥላ ሥር ሰበሰቡ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ፣ ነገሩን በጥንቃቄ ነው የመከሩት። «የቅዳሴው የእግዚአብሔር ነው፣ ለመዝናኛ አይመታም» አሉ። ሁሉም ተስማማ። «የሞቱን ያለ ሬሳ መምታት ሟርት ነው» አሉ። ይሄም ልክ ነው። «እንግዲህ የቀረው የድረሱልኙ ነው፤ እሱ የሰው እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደለም» ብለው ፈረዱ። ምክር ማለት ይሄ ነው ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ወደ ቤት ስንወርድ ግን አባቴ፣ «ልጄ፣ በድረሱልኝ አይቀለድም» አለኝ።

«አባዬ ደግሞ! እሳት የሚነሳው በስንት ዘመን አንዴ ነው?» አልኩት።

መጀመሪያ የተመታ ቀን ያገሩ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። መጥረቢያ የያዘ፣ እንስራ የተሸከመች፣ እርጉዝ ሳትቀር። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ። ሰዉ ላቡን እየጠረገ ግራ ተጋባ፤ ኋላ ነገሩ ሲነገረው ሳቀ። አንዲት አሮጊት ግን «ወይ ጉድ! ነፍሴን አወጣችሁትኮ» ብላ እዚያው ቁጭ አለች። በሁለተኛው የመጣው ግማሹ ነው። በሦስተኛው ልጆች ብቻ መጡ። ከዚያ በኋላ የሚያርሰው ቀና ብሎ አይቶ ወደ በሬው ይመለሳል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኛ፤ ቤት ለቤት ዞሬ «ደወሉን ስትሰሙ እጃችሁን ብታውለበልቡ ፈረንጆቹ ደስ ይላቸዋል» ብዬ አስተማርኩ። ሰዉ ደግ ነው፣ እሺ አለ። ከጉብታው ላይ ሆነህ ስታይ አገሩ በሙሉ እጁን ሲያውለበልብልህ ያምር ነበር። አባቴ ግን እየመታ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዓመት ከምናምን ቆየ።

ከደብሩ ጓሮ የቅኔ ተማሪዎች የሣር ጎጆዎች ነበሩ፤ መሃላቸው ላይ የየኔታ ጎጆ። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በድምፄ ሳይሆን በአረማመዴ ያውቁኝ ነበር። «መጣሽ እንዴ፣ የፈረንጆቹ አለቃ?» ይሉኛል፣ እየሳቁ።

ቀኑ መጋቢት ነው፣ እኩለ ቀን ገደማ። ነፋሱ አቧራ ያስነሳል። ገበዙ ለስብሰባ ሞጣ ወርደዋል፣ ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ በየመንደሩ ተበትነዋል። እንግዳ አልነበረም። መነሻው አንዱ ተማሪ ሳያጠፋው የሄደው ፍም ነው ይባላል፤ ብቻ እሳቱ አንዷን ጎጆ ያዘና ነፋሱ ወደ ሁለተኛዋ ወሰደው። የሚንጣጣው ሣር ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎጇቸው ውስጥ ካሉት ከየኔታ ሌላ ደብሩ ላይ የነበርነው እኔ፣ አባቴና አንድ ታሞ የቀረ ተማሪ ነን።

አባቴ ወደ እሳቱ አልሮጠም። ወደ ደወሉ ሮጠ። ሥራው ነዋ! ዕድሜ ልኩን ደወሉ ሲመታ ሰው እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው። «አንቺ ጉብታው ጠርዝ ላይ ወጥተሽ ጥሪ፣ አሁን ይደርሳሉ!» አለኝ። ሮጬ ወጣሁ። ደወሉ ከኋላዬ ይጮሃል። ታች ሜዳው ላይ የሚያርሱ አሉ፣ ከወንዝ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አሉ። በመጋቢት ጢስ ብርቅ አይደለም፣ ገበሬ ሙጃ ያቃጥላል። ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን ወደኔው መለሰው። ነጠላዬን አውልቄ አውለበለብኩ።

አንዱ አራሽ በሬዎቹን አቆመ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አየኝ አልኩ። ከዚያ እጁን አነሳና አውለበለበልኝ። ሴቶቹም አውለበለቡልኝ። ሁሉም አውለበለቡልኝ።

ዞሬ «አባዬ፣ አይመጡም! ተወው፣ አይመጡም!» አልኩት። አላመነኝም፤ ጥቂት ደግሞ መታ። ያቺን ጥቂት ነው መቼም የማልረሳት። ከዚያ የያዘውን ድንጋይ ወርውሮ ወደ የኔታ ጎጆ ገባ። ሲወጣ አቅፏቸው ነበር፤ ጋቢያቸው እየጨሰ፣ የሱ እጆች ቆዳቸው ተገሽልጦ። የታመመው ተማሪ ቁልቁል እየተንደረደረ ሄዶ ሰዉን ባፉ ሲነግረው ነው አገር የደረሰው። የደረሰውማ ምን እሳት ሊያጠፋ? እጁን መጀመሪያ ያነሳልኝ አራሽ አመዱ ላይ ተንበርክኮ «እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነው! እንግዳ የመጣ መስሎኝ!» እያለ ፊቱን ነጨ። ማን ይፈርድበታል? ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የኔታ በሦስተኛው ቀን አረፉ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው። መነጽሩንም ቦርሳውንም ወንዝ ጣልኳቸው፤ ሥራ ፈልጌ ቢቸና ገባሁ። እንግዶቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም፤ ቪዲዮውን አየሁት እኮ፣ አሁን ድንጋዩን የሚመቱት ራሳቸው ናቸው። ለቅዳሴ ድምፅ ማጉያ ተገዝቷል።

የአባቴ ጣቶች እንደተቆለመሙ ቀሩ። ሌላ ደዋይ ተሾመ። በኔ ላይ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያመመው ዓመት ላስታምመው ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከተኛበት ቀና አለና፣ «ደወሉ ይሰማሻል?» አለኝ።

ምንም አይሰማም ነበር። «ይሰማኛል» አልኩት።

«እስቲ ደጅ ውጪና እዪ። ሰው መጣ?»

ወጣሁ። ፀሐዩ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ጭድ የሚበላ አንድ አህያ አለ፣ ሌላ ማንም የለም። ተመልሼ ገብቼ እነዚያን የተቆለመሙ ጣቶች በሁለት እጄ ያዝኳቸው።

«መጡ አባዬ» አልኩት። «ሁሉም እየሮጡ ነው።»

«እሰይ» አለ። «እንግዲያ ልረፍ።»