ያላየሁትን አየሁ የሚለው ወረቀት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት የሰው ደብዳቤ ላይ አድራሻ ለመጻፍ ብቻ ነው። የተሳሳትኩትን አንባቢ ያቃናልኝ።

የታሰርኩት መካነ ሰላም ነው። ድርቁ አባቴንና ከብቶቹን ከወሰደብን በኋላ ከለጋምቦ መጥቼ፣ ዘማቾቹ ባረፉበት ትምህርት ቤት ወጥ እሠራ ነበር። ዘማቾች የምንላቸው ገበሬውን እንዲያስተምሩ መንግሥት የላካቸውን ተማሪዎች ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ በገበሬ ማኅበሩ ቢሮ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። «ለተራበው የመጣው ስንዴ የት ገባ?» ይላል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ሽንኩርት ከምልጥበት አስነሡኝ። እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም።

መርማሪው ካፖርት የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። አልተቆጣም።

«ልጄ፣ የሰማሽውን ሁሉ ተናገሪ። ዝም ያለ ተባባሪ ነው» አለኝ።

በአገሬ እንዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አውጫጭኝ ይጠራል። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሰው ሁሉ እየማለ ያየውን ብቻ ሳይሆን ሲባል የሰማውንም ያወጣል። ከማን ሰማህ አይባልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተቀምጠው ገለባውን ከፍሬው ይለያሉ። ወሬ የነገሩ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ይሄም እንደዚያ መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ውኃ ስቀዳ ሴቶች ሲያወሩ የሰማሁትን ነገርኩት።

«የጻፈችው ያቺ ረጅሟ ዘማች ናት ይላሉ» አልኩ።

አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ ጻፈ። ሽማግሌዎቹ የት እንዳሉ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነው። ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ውስጡ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ጨው ነጋዴ እስላም እናት፣ ልጃቸው ሸሽቶ ስለጠፋ በእሱ ምትክ የታሰሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ነጠላዬ ስስ መሆኑን አይተው የራሳቸውን ጋቢ አካፈሉኝ።

በማግስቱ ረጅሟን ዘማች አመጧት። በሩ ሲከፈት ካኪ ሱሪዋን አየሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«አንቺም እዚህ ነሽ?» አለችኝ። «ወጥ የሠራ ሁሉ ይታሰራል ማለት ነው?»

አልመለስኩላትም። ድሮም ዝምተኛ መሆኔን ስለምታውቅ ክፉ አላሰበችም።

እትዬ ጠየቋት። «ዩኒቨርሲቲ ምን ነበር የምትማሪው፣ የኔ አካል?»

«ስለ ጋዜጣና ስለ ሬዲዮ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ወሬ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ተጣርቶ እንዴት እንደሚጻፍ ነው የምንማረው።»

«ወሬ?» እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወሬ ለማውራት ይሄን ሁሉ ዓመት? ወላሂ፣ እኔ ጨው ተራ በአንድ ቅዳሜ ጨርሼዋለሁ!»

«እርስዎማ ቢመጡ ያስተምሩን ነበር።»

ቀኑ አያልቅም ነበርና ስለ ትምህርቷ ብዙ አጫወተችን። ሰዓት ፊታቸው ተቀምጦ፣ አንድ ገጽ ለሬዲዮ በተሰጠው ደቂቃ ሳያጥር ሳይረዝም ለማንበብ ይለማመዱ እንደነበር ነገረችን። አንድ ጊዜ መምህሯ በገበያ ስለተነሣ ጠብ ጽፋችሁ ኑ ብሎ ላካቸው። እሷ ዘግይታ ደረሰች፤ ከሰው ሰምታ አሳምራ ጻፈች። መምህሩ አንብቦ «እዚያ ነበርሽ?» አላት።

«አልነበርኩም፤ ያየ ሰው ነገረኝ።»

«ታዲያ ያ ሰው የታለ? ወረቀትሽ ላይ ቆማ የምታየው አንቺ ነሽ» ብሎ ከላይ እስከ ታች በቀይ እርሳስ ሰረዘባት።

«ሁለት ቀን አለቀስኩ» አለች እየሳቀች። እትዬም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እትዬ በኋላ ቀስ ብለው የነገሩኝ ነገር ነበር። ያየሁ የሚል ምስክር የተገኘበት ሰው ደሴ ይላካል፤ ደሴ ከተላኩት ተመልሶ ያዩት የለም። ያን ቀን የመጣልኝን ቂጣ ሳልበላው አሳደርኩት።

በሦስተኛው ቀን ነገርኳት። «የተናገርኩብሽ እኔ ነኝ።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። የባቄላ ንፍሮ መጣ፤ አልበላችም። እትዬ በዓይናቸው ተያት አሉኝ። የሚስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪሻገር ድረስ እንዲሁ ቆየን። ከዚያ ተነሥታ ተቀመጠችና ትጠይቀኝ ጀመር፤ ድምፅዋ ንዴት አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ።

«ስጽፍ አይተሽኛል?»

«አላየሁም።»

«ስለጥፍስ?»

«አላየሁም።»

«እና ምን አልሽ?»

«ውኃ ላይ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ ነው ያልኩት። ሌላ አላልኩም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እናቴን!»

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እንግዲያው ከዚያ አትለፊ። አትጨምሪ። ለእኔ ብለሽም አትቀንሺ።»

ወረቀቱን እሷ ትጻፈው አትጻፈው አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ጠሩኝ። ጸሐፊው አንድ ወረቀትና የጣት ቀለም ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«አውራ ጣትሽን።»

«ማንበብ እችላለሁ» አልኩ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ መርማሪውን አየው። እኔ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ በጣቴ መስመር በመስመር እየተከተልኩ አነበብኩ። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘማቿ ወረቀቱን ስትጽፍና በሩ ላይ ስትለጥፍ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ከታች ስሜ አለ።

«ይሄ እኔ ያልኩት አይደለም።»

«ያው ነው» አለ ጸሐፊው።

«ያው አይደለም። አላየሁም። ሲወራ ነው የሰማሁት።»

«ኧረ! ወጥ ሠሪዋ ዳኛ ሆነችልን» አለ መርማሪው፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ረጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ ፈርሚና አሁኑኑ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ።

ቤት የለኝም ነበር፤ ግን በሩ ክፍት ነበር፣ ውጪው ፀሐይ ነበር። ለመሄድ ፈልጌ ነበር፤ ይሄንንም ልደብቅ አልፈልግም። ሁለት እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«የሰማሁትን ጻፉልኝና እፈርማለሁ። በዚህ ላይ አልፈርምም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ስመለስ ግራ ጆሮዬ ይጮህ ነበር፤ ዛሬም በዚያ በኩል ደህና አልሰማም። እትዬ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ የሻሻቸውን ጫፍ በውኃ ነክረው ጉንጬ ላይ ያዙልኝ። ዘማቿ፣ «ፈረምሽ?» አለችኝ። አልፈረምኩም ስል ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ አልተነሣችም።

ከሳምንት በኋላ ደሴ ወሰዷት። ሌላ ምስክር አግኝተው ይሁን፣ ያለ ምስክር ይሁን፣ አላወቅሁም። እኔን ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁኝ። እትዬ ልጃቸው እስኪያዝ ድረስ እዚያው ቀሩ።

አሁንም የምኖረው መካነ ሰላም ነው፤ ለሰው እሠራለሁ። በአቀስታ በኩል ደሴ የሚመላለስ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ። የሞተች ያለኝ አለ፤ ወጥታ አገር ለቃለች ያለኝም አለ። ያየ ግን አላገኘሁም፤ ስለዚህ ሁለቱንም አልጽፍም። አለመፈረሜ የጠቀማት ነገር ካለም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ይሄ ያደክመኛል። ሥራ ስለማይጠፋ ተነሥቼ እሠራለሁ።

የወሰዷት ጧት እኔና እትዬ ፀሐይ እንድንሞቅ ወጥተን ነበር። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እጇ ስለታሰረ ሁለት ሰዎች ደግፈው ላይ አወጧት። ዞር ዞር ብላ ፈለገችኝ።

«የአባትሽ ስም ማን ነው? እስካሁን ሳልጠይቅሽ! ስጽፈው በሙሉ ስምሽ ነው!»

ነገርኳት። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ እኔ ሰጠች።

«አልሰማሁሽም! ጮክ በይ!»