የኤሊዋ ሆድ

ከካዛንቺስ በወጣሁበት ምሽት ልጄ ማሂ ጠፋች። ገና የወተት ጥርሷ አልረገፈም ነበር። ካልተገኘች የማልሄድ መስሏት ተደበቀችብኝ። በቃ፣ ታክሲው በር ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ በስሊፐር ሰፈሩን እዞራለሁ። የት እንዳለች ግን ልቤ ያውቃል። ቀበሌው ሜዳ ላይ እኔው የሠራኋት የሲሚንቶ ኤሊ ነበረች፤ ሆዷ ክፍት ስለሆነ ልጆች ይሽሎከሎኩበታል። የሰፈራችን ልጅ የአገሩን ዛፍ ይወቅ ብዬ ጀርባዋ ላይ የወይራ፣ የኮሶና የዋንዛ ቅጠል ቀርጬባት ነበር፤ ማሂ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳብሳ ትለያቸዋለች።

ጎንበስ አልኩና «ኩኩሉ» አልኩ።

«አልነጋም» አለች ከውስጥ፣ እያለቀሰች።

በጨዋታው ደንብ ተደባቂው ነጋ እስኪል መፈለግ አይቻልም። እጄን ስሰድ ወደ ጥግ ሸሸች። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ሂጂ ልጄ፣ ካየሻት አትሄጂም። እኔ አወጣታለሁ» አለችኝ። ስዊድኖች ለኤግዚቢሽን የሰጡኝ ቪዛ ነው፣ እዚያው ቀርቼ በዓመቱ ላስመጣት ነው ሐሳቤ። ሄድኩ።

ስዊድን ዝናቡ እንደኛ ሐምሌ ዘንቦ አይወጣለትም፤ ሲያልጎመጉም ይውላል። ጎረቤት ሰላም ስትሉት ያጠፋው ነገር ያለ ይመስል ይደነግጣል። ብቻ ኮሙን የሚሉት ማዘጋጃ ቤታቸው የልጆች መጫወቻ የሚሠሩ አርቲስቶች ዘንድ ቀጠረኝ። ልጆቹ የአገራቸውን ፍጥረት እንዲያውቁ ኢገልኮት የሚሏትን ትንሿን ጃርታቸውን ሠራሁ፣ ቢዮርክ የሚሉትን ዛፍ ቅጠልም ቀረጽኩባት። ሆዷን ክፍት አደረግኩት፤ እጄ ሌላ አያውቅም።

የመጫወቻዎቹን ደኅንነት የምታይ ተቆጣጣሪ ባትሪ ይዛ መጣች። «እዚህ ውስጥ ልጅ ቢደበቅ አይታይም» አለችኝ።

«መደበቅ ማለት እኮ እሱ ነው።»

«ወላጁ ከወንበሩ ሳይነሳ ሊያየው ይገባል። ለመሆኑ ልጅ ለምን ይደበቃል?»

በእኔ ስዊድንኛ የሚነገር አይደለም። የጃርቷን ጎን ቆርጬ መስኮት አወጣሁላት።

መስኮት ቢወጣላትም ድምፁ አልወጣላትም። ማታ ማታ ልጆቹ ቤታቸው ሲገቡ በዚያ በኩል ሳልፍ ከሆዷ «አልነጋም» ሲባል እሰማለሁ። አብዳለች እንዳትሉኝ። ማለቴ፣ በሉኝ፤ እኔ ግን እሰማለሁ።

ዓመቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ አሥር ዓመት ሞላ፣ የማሂ ፈቃድ አልወጣም። ሰፈራችን ፈረሰና እሷና እናቴ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ባለፈው እሑድ ስደውል ማሂ አነሳች። ድምጿ ወፍሮ የትልቅ ሴት ሆኗል።

«ኤሊዋስ?» አልኳት።

«ዶዘር ገፋት፣ ማሚ። ሄጄ የወይራዋን ቁራጭ ይዤ መጣሁ። አልጋዬ ሥር ናት።»

ድሮ ይሄኔ ወረቀቴ ምን ደረሰ ትለኝ ነበር። አሁን ትታዋለች። የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል፣ ቀስ ብላ፣

«ኩኩሉ» አለችኝ።

ነጋ ብዬ ልዋሻት?

«አልነጋም» አልኳት።