በማር የገባሁበት ዘር

ትናንት የእህቴ የየሻረግ ልጅ ደወለችልኝ። ለዘር ምርመራ ደም ሰጥታ ውጤት እየጠበቀች ነው። "እርስዎስ አክስቴ፣ መቼ ነው የሚሰጡ?" ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ጥያቄዋ ሞጣ ድረስ ወስዶ መለሰኝ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እማዬም ታላቅ እህቷም በጡት ካንሰር ሞተውብን፣ እኔና የሻረግ ቢቸና ቁጭ ብለን ተራችንን እንጠብቃለን። የመጣልኝን ሽማግሌ ሁሉ አላገባም ብዬ መልሻለሁ፤ ወልጄ ለማን ልተው! በኋላ ሞጣ ይህን በሽታ የምታውቅ ሐኪም መጥታለች ሲባል፣ በጥቅምት አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ደስ ማለቱን አልደብቅም፤ ከቢቸና ወጥቼ አላውቅማ! ኑጉ ግራና ቀኝ አብቧል። ደብረ ወርቅ ላይ የባቄላ እሸት ገዝተን ሞጣ እስክንደርስ ስንፈለፍል ዋልን።

ሐኪሟ ከሌላ አገር የመጣች፣ ትሑት ልጅ ነበረች። መረመረችንና ጤነኞች ናችሁ አለች። ግን በሽታው በዘር ሊወርድ ስለሚችል በየዓመቱ እንድንታይ አዘዘችን። ይኼን ጊዜ የሻረግ ጣልቃ ገባች።

"እሷን ጠበቅ አርገሽ እዪልኝ፤ የጡት ልጅ ናት።"

"ጡት መጥባት እኮ በሽታ አያስተላልፍም" አለች ሐኪሟ ግራ ገብቷት።

"ወተት መች ጠባሁ፣ ማር ነው እንጂ" አልኋት። ይብስ ግራ ገባት።

ከሥሩ ነገርኋት። የወለዱኝ እናትና አባቴ ሲሞቱ የሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ጎረቤታችን የነበረችው እማዬ፣ የየሻረግ እናት፣ ሽማግሌ ሰብስባ፣ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ልጇ ነኝ፣ አለቀ። ቁመቷንም ቁጣዋንም የወረስሁ ይመስለኝ ነበር። በሽታው የጡት ከሆነማ፣ በጡት የገባችውን አስቀድሞ ይይዛል ብለን ሁለታችንም አምነናል። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከሣለችው የቤተሰብ ሐረግ ላይ ስሜን ሰረዘች።

"በሥጋ አትዛመጃቸውም። በዘር የሚወርደው አንቺን አይነካሽም።"

ልቤ ዘለለ! እልል ልል አፌን ስከፍት የሻረግን አየኋት፤ ታለቅሳለች። ለራሷ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ለኔ ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን የተሰረዘው ስሜ ከነከነኝና ሐኪሟን መልሰሽ ጻፊው አልኋት።

ከዚያ ወዲህ አግብቼ ወልጃለሁ፤ በየጥቅምቱ ግን ሞጣ አብረን ነን። አንዱን ዓመት የሻረግ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት በጊዜ ተገኝታ፣ ታክማ ድናለች።

ትናንት ይህን ሁሉ ለልጅቱ ነገርኋት። "ታዲያ በየዓመቱ ከእናቴ ጋር የሚታዩ ለምንድን ነው?" አለችኝ።

"የጠባነው አንድ ጡት ነዋ" አልኋት።