አራት ጊዜ የተተረተረ ሱሪ

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ሰክታ ሱሪውን ገለበጠችው። በአንድ ወር ሲመጣ አራተኛ ጊዜው ነው፤ ያው ጎን፣ ያው ስፌት!

የሱሪው ጌታ አናጢው ፊቷ ቆሟል፤ የሟች ባሏ ጓደኛ ነው። ከባሏ ጋር እንደተኳረፈ ቀብሩ ላይ እንኳ ስላልቆመ፣ ሦስት ዓመት የእግዜር ሰላምታ ነስታው ነበር።

"የእኔ ስፌት እንዲህ አይተረተርም። በምላጭ ነው የተቆረጠው!" አፈጠጠችበት።

አናጢው በላብ ተጠመቀ። "ይቅርታ ልጠይቅሽ እመጣለሁ፤ ፊትሽን ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል። ከዚያ ቤቴ ገብቼ መተርተር ነው! እሱን ሳልታረቀው ቀረሁ፤ አንቺንም እንዳላጣ ብዬ..."

ከሐዘኗ ወዲህ ሳቅ እንዲህ አፍኗት አያውቅም። ልቧ ከስፌት መኪናዋ ብሶ ድው ድው ይላል። ሱሪውን ነጥቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ጨርሰህ ራቁትህን ሳትቀር፣ ነገ ባዶ እጅህን ና!"