በገመድ የሚወጣ ተራራ

በ1951 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ አካባቢ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ጌታዬን እንደ ማንኛውም ፈረንጅ ሙሴ እንላቸዋለን። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጦር ሾፌር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። በጣሊያንነታቸው የሚያማቸው ነበር፤ እኔ ግን ሥራ ያስተማረኝን ሰው አላማም።

በዚያ ዓመት እኅታቸው ካገራቸው መጡ። ሙሴ እየተረጎሙልን ሴትዮዋ ስለ መንደራቸው አጫወቱን። መንደሩ ተራራ ላይ ነው። በብርዱ ወራት በረዶ መንገዱን ስለሚዘጋው የታመመ ሰው ሐኪም ሳያይ ይሞት ነበር፤ አባታቸውም የሞቱት እንደዚያው ነው። አሁን ግን የከተማ ሰው እግሩ ላይ ጣውላ አስሮ በዚያው በረዶ ሊንሸራተት ይጎርፋል አሉ።

«ወጥተው ምን ይሠራሉ?» አልኩ።

«ይወርዳሉ» አሉ ሴትዮዋ።

«ከዚያስ?»

«ደግሞ ይወጣሉ።»

«ለዚህ ይከፍላሉ?»

«አልጋ ሲጠፋ ድርቆሽ ላይ ሳይቀር ያድራሉ!»

ሙሴ እንዳልገባኝ አይተው፣ ሞተር በምናነሣበት ሰንሰለት ላይ የመኪና ወንበር አንጠለጠሉና እኔን አስቀምጠው ሽቅብ ጎተቱኝ። ሰው ተራራውን የሚወጣው እንዲህ በገመድ ነው አሉ። መንገደኛው በር ላይ ተሰበሰበ። አንዱ ተሸካሚ «ሙሴ፣ እዚያው ይተዉት፤ እኛም ከአፉ እንረፍ!» አለ።

እኔም ላይ ሆኜ «ይኼማ ለእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች ነው የሚገባው፤ ለጨዋታ ማዋል ነውር ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ ሲተረጎምላቸው አልተቆጡም። «በሽተኛውም ድርቆሹም በዚያው ገመድ ይወርዳል» አሉ። አንድ ሀብታም መሬቱን ሽጡልኝና ገመዱን እኔ ልሥራው ቢል፣ መንደሩ መክሮ እምቢ ብሏል። ከየቤቱ ሰው ወጥቶ ምሰሶ አቆመ፤ ሞተሩንም በጋራ ገዙ። የቀረው ሞተር የሚያውቅ ያገሩ ልጅ ነው፤ ሴትዮዋም የመጡት ወንድማቸውን ሊወስዱ ነው። ሙሴ ካልሄዱ ሁሉም ለዚያው ሀብታም ሊሆን ነው። ይኼን ስሰማ ነውር ያልኩትን መልሼ ዋጥኩ። ያፈናቸውን በረዶ እንጀራ አደረጉት! እንዲህ ያለ ሕዝብ ደስ ይለኛል።

ሙሴ ግን «ጋራዡን ለማን ጥዬ?» አሉ።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተ? ደንበኛ ከመሳደብ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት!»

ሳቁ፤ እሺ ግን አላሉም።

በነጋታው ጠዋት ከሳቸው ቀድሜ ጋራዡን ከፈትኩ። ከራሳቸው በቀር ማንም እንዳይነካው ያሉትን የጭነት መኪና ሞተር ብቻዬን አወረድኩና ፈታትቼ ዕቃውን በየተራው ደረደርኩት። ሲመጡም «እጅዎን አያቆሽሹ፣ ሻንጣዎን ያዘጋጁ» አልኳቸው።