የዩስቲና ሞተር ማሞቂያ

ዩስቲና ፍሪዘን ባሏን በቀበረች በሁለተኛው ዓመት፣ በካናዳ፣ በሳስካቼዋን ሜዳ ላይ ምራቅን መሬት ሳይነካ በረዶ የሚያደርግ ብርድ ወረደ።

ብርዱ ሊገባ ሰሞን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ የባሏ ወንድም ኮርኒ ላሞቿን ሸጣ ከተማ እንድትገባ መክሯት ነበር። ምክር ይበለው እንጂ ነገሩን ወስኖ ጨርሷል፤ ለላሞቹ ገዢ አግኝቷል፣ ለእሷም ከአዛውንቶች መኖሪያ ክፍል አስይዟል።

"ሰባ ሞልቶሻል፤ ትራክተሩም አርጅቷል። አንድ ቀን ሁለታችሁም አንነሣም ትላላችሁ" አላት በሰው ፊት።

ሰው ሳቀ። ዩስቲና ጓንቷን አጥልቃ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ብርዱ የጸና ዕለት ጠዋት የትራክተሩን ሞተር በመዳፏ ዳሰሰች። በብርድ ጊዜ እንዲነሣ ሞተሩ ውስጥ የተገጠመው ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ስላደረ ሞተሩ ለብ ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ገመዱን ቀየረች፣ ሶኬቱን በአምፖል ሞከረች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። የተቃጠለው ማሞቂያው ራሱ ነው። ዘይቱ እንዲህ ረግቶ ሞተሩ አይዞርም። ከአጥሩ ወዲያ ላሞቹ ጀርባቸው አመዳይ ለብሶ ድርቆሽ ይጠብቃሉ፤ ያን የሚያህል የድርቆሽ ጥቅል ደግሞ በሰው ጉልበት አይነቃነቅም።

ኮርኒ ደውሎ ትራክተሩ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቃት። አልተነሣም አለችው። እንግዲያው ገዢውን ይዤ እመጣለሁ አለ፤ በድምፁ ውስጥ ደስታ ሰማች። ደሟን ያፈላው ያ ደስታ ነው።

ከመጋዘኑ ጀርባ ባሏ ለመለዋወጫ ያቆመው፣ የዚያው ዓይነት የሞተ ትራክተር ነበር። ማሞቂያውን ልትፈታ ተንበረከከች። ብሎኑ በጓንት አልያዝ ሲላት ጓንቷን አወለቀች፤ ብረቱ የጣቷን ቆዳ ልጦ አስቀረ። ባሏ ቢሰማ የሚደነግጥበትን ስድብ ተሳደበች። ብሎኑ ላላ። ከዚያ የራሷን ትራክተር የራዲያተር ፈሳሽ በባልዲ አወረደች፣ የተቃጠለውን አውጥታ ይኸኛውን ገጠመች፣ ፈሳሹን መልሳ ሞላችና የማሞቂያውን ገመድ ሰካች። ጥቂት ቆይቶ ከሞተሩ ውስጥ ሊፈላ እንደተቃረበ ውሃ ሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኮርኒና ገዢው ሲደርሱ ቁልፉን ስታዞር አገኟት። ሞተሩ አቃስቶ ዝም አለ። ኮርኒ ገዢውን በዓይኑ ጠቀሰው።

"ይበቃዋል፣ ዩስቲና። አንቺም ይበቃሻል።"

"ገና አልሞቀም" አለችው። "አንተን ማን አስቸኮለህ?"

አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥታ ሞተሩ ላይ ደረበችና ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠች። ሁለቱ ወንዶች ብርዱ ሲያንገበግባቸው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። በኋላ ሞተሩን ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል። ገመዱን ነቅላ፣ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ቁልፉን አዞረች። ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ፤ ሞተሩ አንኮራፋ፣ ተንተባተበ፣ ከዚያ ጮኸ።

የድርቆሹን ጥቅል በትራክተሩ አንሥታ ኮርኒ መኪና አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

"ኮርኒ፣ የአጥሩን በር ክፈትልኝ።"

"ሰውየው እኮ ከሩቅ ነው የመጣው..."

"እሱም ያግዝህ። ዘንድሮ አልሸጥም፣ ለከርሞም አልሸጥም። ያስያዝከውን ክፍል ራስህ ግባበት፤ ታላቄ አንተ ነህ።"

መጀመሪያ የሳቀው ገዢው ነው። ኮርኒ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ወረደና በሩን ከፈተ። ላሞቹ እየተጋፉ መጡ።

በማግስቱም ብርዱ አልለቀቀም። ዩስቲና ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ትራክተሯን አስነሣች።