አክስቴ የለቀመችው ይቅርታ

አክስቴ አራት መጻሕፍት ጽፋለች፤ አራቱም ስለ ሴቶች፣ አራቱም ሲታተሙ የተረገሙ። ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ «ድንገት ብድግ ብላ ጸሐፊ ሆነች» ይላሉ። እኔ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ምን ድንገት አለው? ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል።

ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበረች። ያኔ ጽሑፍ የሚታተመው የብረት ፊደል አንድ በአንድ ከሣጥን ተለቅሞ ሲደረደር ነው። የእሷ ድርሻ የጋዜጣው የሴቶች ገጽ ነበር። «ባልሽ ተቆጥቶ ሲገባ ፈገግ በይ»፣ «ብዙ የምታነብ ሴት ቤቷ ይቀዘቅዛል» የሚል ምክር በየሳምንቱ ይወጣል፤ ከግርጌው «እህታችሁ» የሚል ፊርማ አለበት። እህት ተብዬው ዋና አዘጋጁ ነበር፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ሰውዬ።

አንድ ቀን ገጹ አራት ጣት ያህል ጎደለ። አለቃዋ፣ ነገር የማይወድ ሽማግሌ፣ «የሆነ ነገር ሙዪበት» ብሏት ሄደ። ልማዱ ተረት ወይም የሳሙና ማስታወቂያ መሰካት ነው። አክስቴ ግን ረቂቅ እንኳ ሳትጽፍ፣ ከጭንቅላቷ ቀጥታ ወደ ብረቱ፣ እንዲህ ብላ ለቀመች፦ «እህታችሁ ጢም አላት። ተቆጥቶ የሚገባውም ባል እሷው ራሷ ናት።»

ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ዋና አዘጋጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ከፎቅ ወረደ።

«አንቺ! ያልጻፍኩትን ማን ልቀሚ አለሽ?»

«ሙዪው ተባልኩ ጌታዬ፤ ሞላሁት።»

«አሁን ደግሞ ይቅርታ ትለቅሚያለሽ! ‹አእምሮዬ ታውኮ ነው› ብለሽ! አለዚያ ነገ በዚህ በር እንዳላይሽ!»

የቀልድ ነገር አልነበረም። አያቴም፣ ያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረው አባቴም የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነው።

ሰውዬው ስላላመናት ወንበር ስቦ ከኋላዋ ተቀመጠ። በእጁ የጻፈውን ይቅርታ ፊቷ ዘርግቶ፣ እያንዳንዷን ፊደል ስታነሣ በዓይኑ ይከተላል። የብረት ፊደል ግን የሚደረደረው ተገልብጦ ነው፤ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ። የለመደ ለቃሚ ካልሆነ በቀር አያነበውም። ታዲያ ዋና አዘጋጅ የሚያህል ሰው «ማንበብ አቃተኝ» ይበል? ሞቱ ነው! ስትጨርስ ጎንበስ ብሎ አየና «እህ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። «ለእርማት በወረቀት አትሞ ማየት አያስፈልግም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ምሳውን ሊበላ ወጣ።

አለቃዋ ግን ያነባል፤ አርባ ዓመት ለቅሟል። የተደረደረው ፊደል እንዳይበተን ገጹን ሊያስር መጥቶ አንድ ጊዜ አነበበው። ደገመው።

«ልጄ፣ ነገ ምን ልትበዪ ነው?»

«ስድስት ዓመት የዋጥኩት ይበቃኛል፣ አባባ።»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። «እኔ ያለ መነጽር አይታየኝም» አለና ገጹን አስሮ ለማሽኑ ሰጠ።

በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። «ይቅርታ» ይላል ርዕሱ። «ለሴት አንባቢዎች በሙሉ። ይህን ምክር ስድስት ዓመት በእጄ እየለቀምኩ አቀበልኳችሁ፤ አንድ ቀንም ውሸት ነው አላልኩም። ስለ ዝምታዬ ይቅር በሉኝ። ከእንግዲህ እጽፋለሁ።» ከግርጌው ስሟ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተደርድሯል።

ረፋዱ ላይ ተባረረች። ጋዜጣዋን በብብቷ ሸጉጣ ቤት ስትገባ ወሬው ቀድሟት ነበር። አያቴ ማንበብ አትችልም፤ በቁጣ ግን የሚስተካከላት የለም።

«ምነው ልጄ፣ አርፈሽ ብትሠሪ ምን ነበረበት? ለእኛ እንኳ አታስቢም?»

«ሳስብላችሁ ነው እማ ስድስት ዓመት ዝም ያልኩት። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።»

 አያቴ እጇን ዘረጋችና ጋዜጣውን ተቀበለቻት።

«የትኛው ነው ስምሽ?»

አክስቴ አሳየቻት። አያቴ ጣቷን ስሙ ላይ አኑራ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ያን ሁሉ ዓመት ልጇ የደከመችበት ጋዜጣ እዚያ ቤት ሲገባ፣ የልጇን ስም ይዞ የገባው ገና ያን ቀን ነው።

«በይ ነገ በጠዋት ተነሺና ሥራ ፈልጊ» አለቻት። «ይሄን ስም ግን ለማንም ብለሽ እንዳትፍቂው።»